በኪሎ የተገዛ ፍጥነት

ሥራዬ ማፍረስ ነው። ቤት አይደለም፣ ትዳርም አይደለም፣ ኮምፒውተር። ትልልቅ ቢሮዎች አርጅቷል ብለው የሚጥሉትን ኮምፒውተር የጭነት መኪና ግቢያችን አምጥቶ ይዘረግፈዋል፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ እፈታዋለሁ። ብረቱ ወደ ብረት፣ ፕላስቲኩ ወደ ፕላስቲክ፣ መዳቡ ወደ መዳብ። በቀን አርባ እፈታለሁ። ሃምሳ የፈታሁበትም ቀን አለ፣ ግን ያን ቀን ማታ ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ እናቴ እንደ ሕፃን ልታጎርሰኝ ምንም አልቀራት። ግቢ ውስጥ ስሜ ፒንሳ ነው። በእውነተኛ ስሜ ቢጠሩኝ ዞር የምል አይመስለኝም።

ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ሞክሬዋለሁ። ከዛ እኔና ትምህርት ተነጋግረን በሰላም ተለያየን። ጭንቅላት የሚባለውን ነገር ቤታችን ውስጥ ሙሉውን ጠቅልላ የወሰደችው እህቴ ናት። በሁለት ዓመት ታንሰኛለች፣ አርክቴክቸር ነው የምታጠናው፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት። እኔ "ኢንጂነሯ" እላታለሁ። "አርክቴክት ነው የሚባለው፣ ስንቴ ልንገርህ" ትለኛለች። ስንቴም ብትነግረኝ አልሰማም፣ ስትናደድ ታምራለች።

የዛን ሰሞን ግን መናደድም ትታ ነበር። ከሥራ ስገባ ላፕቶፗ ፊት ጉልበቷን አቅፋ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ፣ ጠዋት ስወጣም እንደዛው። የመመረቂያ ሥራዋ የአንድ ክሊኒክ ሕንፃ ነው። መስመሩን ሠርታ ጨርሳለች፤ የቀረው ሥዕሉን ፎቶ አስመስሎ ማውጣት ነው፤ ፀሐይዋ በመስኮት ስትገባ፣ ጥላው ወለሉ ላይ ሲያርፍ። ያንን ብርሃን የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ነው። የእሷ ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ሥዕል ለማውጣት አንድ ቀን ሙሉ ያቃስትና ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል። የሚፈለገው አሥራ ሁለት ሥዕል ነው፣ የፊታችን ሐሙስ ሳይሆን የሚቀጥለው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ትምህርት ቤቱ ያሉት ማሽኖች ለስልሳ ተማሪ ስምንት ናቸው። ካላስረከበች ዓመቱን ትደግማለች፤ ክፍያዋን የሚሸፍንላት ድርጅት ደግሞ ለድጋሚ አይከፍልም። እኔና እማዬም አንከፍልም፣ ከየት አምጥተን።

"ፈጣን ኮምፒውተር ስንት ነው?" አልኳት።

"አትጠይቀኝ።"

"ንገሪኝ እንጂ።"

ነገረችኝ። እማዬ ከጓዳ ሆና "ስንት አለችህ?" ስትል "አትጠይቂኝ" አልኳት።

ወደ እህቴ ዞሬ "እኔ እሠራልሻለሁ" አልኩ።

"ምን?"

"ኮምፒውተር ነዋ።"

"አንተ?"

"በቀን አርባ የሚፈታ ሰው አንድ መግጠም ያቅተዋል? ያው ወደኋላ መፍታት ማለት ነው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅብኝ ነበር። አሁን ግን ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀዳ የጎበዝ ፕሮሰሰሮችን ቁጥር ጻፈችልኝ። ያኔ ነው ምን ያህል እንደጨነቃት የገባኝ፣ እኔን እስከማመን መድረሷ።

አሁን ስለ አለቃችን ልንገራችሁ። ስሙን ሚዛኑ ነው የምንለው፣ ምክንያቱም በር ላይ ካለው ትልቅ ሚዛን አጠገብ ተነስቶ አያውቅም። የሚገባው ሁሉ ይመዘናል፣ የሚወጣው ሁሉ ይመዘናል። እኛም እንመዘናለን። ጠዋት ስንገባ ሚዛኑ ላይ ያቆመናል፣ ማታ ስንወጣ ያቆመናል። "ሲገባ ሃምሳ ስድስት፣ ሲወጣ ሃምሳ ስምንት። ምሳህ ምን ነበር?" ይላል። ጠዋት ኪሱን ድንጋይ ሞልቶ የገባና ማታ በድንጋዩ ፈንታ መዳብ ይዞ ለመውጣት የሞከረ ሰው ነበር። ከዛ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኪስ ይፈተሻል። ሰውየው እኔ ነበርኩ።

ደግ ጎን የለውም አልልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራተኛ የፈለገውን ዕቃ በቁራጭ ብረት ዋጋ በኪሎ መግዛት ይችላል። ሁለት ነገር ብቻ አይወጣም። አንደኛው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ቢሮዎቹ ምስጢራቸው ስላለበት በድሪል ይበሳል። ሁለተኛው መዳብ ነው። መዳብ ከመዳብ ነጋዴው መኪና ጋር ካልሆነ ከዛ በር አይወጣም፣ አባቱ ቢመጣም አይወጣም።

እኔ የገባኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ፈጣን የሆነው ነገር ሁሉ ቀላል ነው። የሚከብደው ቆርቆሮው ነው። ፕሮሰሰር ማለት ከክብሪት ሳጥን አይከብድም። ራም ማለት እንደ ማስቲካ ነው። በኪሎ ለሚሸጥ ሰው ዋናው ነገር ምንም አይመዝንም። ይሄንን ሳስብ እንደዛ ደክሞኝም ለብቻዬ ሳቅሁ።

ረቡዕ ዕለት ከአንድ ትልቅ ቢሮ የተጣሉ ሦስት ግዙፍ ማሽኖች መጡ። አንዱን ስከፍተው በውስጥ በኩል የተለጠፈው የፕሮሰሰሩ ቁጥር ከእህቴ ወረቀት ጋር አንድ ሆነ። እንደ ሎተሪ ሦስት ጊዜ አመሳከርኩት። ራም ስምንት ፍሬ ተሰክቶበታል። ሸፈን አድርጌ ጠረጴዛዬ ስር አስቀመጥኩት፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ድረስ በየሰዓቱ እየሄድኩ ታማሚ እንደሚጠይቅ ሰው አየው ነበር።

ቅዳሜ ወደ ሚዛኑ ይዤው ሄድኩ፣ ማዘርቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን።

"ይሄ ምንድነው?" አለኝ።

"ቆሻሻ ነው አለቃ።"

"ቆሻሻ ከሆነ ለምን ትገዛዋለህ?"

"ቆሻሻ እወዳለሁ። አለዚያ እዚህ እሠራለሁ?"

ገልበጥ አደረገው። መሃሉ ላይ ፕሮሰሰሩን ረግጦ የተቀመጠ ጡብ የሚያክል የመዳብ ክምር አለ፣ ቅጠል ቅጠል ሆኖ የተደረደረ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ማራገቢያ ያለበት። "መዳቡ አይወጣም" አለ።

"ማን ፈለገው" አልኩ። አራቱን ብሎን እዛው ፊቱ ፈታሁና የመዳብ ማዳበሪያ ውስጥ ወረወርኩለት። የሚዛኑ ቀስት ዝቅ ስትል ልቤ ከፍ አለ። ፕሮሰሰሩ ላይ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ነጭ ነገር ተለድፎ ነበር። እሱንም በሸሚዜ ጫፍ ሙልጭ አድርጌ ጠረግኩት፣ ንጹሕ ነገር ለእህቴ ልወስድላት ብዬ። ሚዛኑ የጠየቀኝን ስከፍለው እንዳይሸተው ፊቴን ቅጭም አደረግኩ። ከበሩ ስወጣ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ሚዛኑን በገዛ ሚዛኑ አታለልኩት ብዬ።

እሁድ ከምሳ በኋላ መግጠም ጀመርን። ቆርቆሮው ከባድ ስለሆነ አልገዛሁትም፤ በሱ ፈንታ የእማዬን ቁም ሣጥን አንድ መሳቢያ አወጣንና ሁሉንም እሱ ውስጥ ደረደርነው። እማዬ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ነው የምትተኩሰው፣ እሁድ እግሯን ሰቅላ የምታርፍባት አንዷ ቀኗ ናት።

"ልብሴ በፌስታል፣ የናንተ ሽቦ በመሳቢያ" አለች።

"ሲመረቁ ታይዋለሽ እማዬ።"

"ሲመረቁ ማነው፣ አንተም ልትመረቅ ነው?"

ለስክሪን ቴሌቪዥኑን ወሰድነው። ዲስክ ደግሞ ከግቢ ስለማይወጣ የእህቴን ላፕቶፕ ከፍቼ ከውስጡ አወጣሁ። እጄ ለምዶ አይደል፣ በሁለት ደቂቃ ብትንትኑን አወጣሁት። ሳወጣው አንዲት እንደ ወረቀት የሳሳች ገመድ ጧ አለች። እህቴ "ምንድነው እሱ?" ስትል "ምንም፣ የማያስፈልግ ነገር ነው" አልኳት። የስክሪኑ ገመድ ነበር።

ማብሪያው ቆርቆሮው ላይ ስለቀረ ሁለት ሽቦ በብሎን መፍቻ አነካካሁ። ማሽኑ ነፍስ ዘራ። ቴሌቪዥኑ ላይ የእህቴ ክሊኒክ ብቅ አለ፣ ያለ ምንም ማቃሰት፣ ብልጭ ብሎ። እህቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ዞር ብዬ እማዬን "አየሽ" ልላት አፌን ስከፍት ጠፋ።

እንደገና አነካካሁት። በራ፣ እስከ ሠላሳ ሳልቆጥር ጠፋ። እንደገና። እስከ ሃያ። እንደገና። በመጨረሻ እስከ አምስት አልደረሰም። ምን ሆነ ብዬ ፕሮሰሰሩን በጣቴ ብነካው ቆዳዬ ተለጠፈበት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። እኔ ሮጬም አላውቅ፣ እየተጎተትኩ ነው የታጠቅሁት።

እህቴ አልጮኸችም። "እሺ፣ ላፕቶፔን መልሰህ ግጠምልኝ" አለች። እዛው ቁጭ ብዬ ያቺን የተበጠሰች ገመድ አሳየኋት። አየቻት፣ ከዛ ተነሳችና አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ልዩነቱ ብብቱ የእህቴ መሆኑ ነው። እማዬ ልብሷን ከፌስታል አውጥታ እንደገና አጣጠፈችው፣ መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ጠዋት ሰውነቴ ሁሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ግቢ ገባሁ። ከኔ ጎን የሚሠራው ጋሼ መዶሻ ነው። ሽማግሌ ነው፣ መዳቡን እየቀጠቀጠ ጠፍጣፋ ማድረግ ነው ሥራው፤ ካልተጠፈጠፈ ማዳበሪያ አይበቃም። የሆነውን ነገርኩት። መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ፣ ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ።

"አንተ ልጅ፣ ያ መዳብ ለጌጥ የተሰቀለ መስሎህ ነው?"

"ክብደት መስሎኝ ነው።"

"ሙቀቱን የሚጠጣለት እሱ ነው። ያን ነጭ ቅባትስ ምን አደረግከው?"

"ጠረግኩት።"

"ጠረግከው" አለና እንደገና ሳቀ። "ጎሽ። ንጹሕ አድርገህ ገደልከው።"

"ያኛውስ፣ ቅዳሜ የጣልኩት?"

ከማዳበሪያው ውስጥ ፈልጎ አወጣልኝ። መኪና የረገጠው ጫማ መስሏል። "ቅዳሜውኑ ነው የጠፈጠፍኩት" አለ፤ አሁን አልሳቀም። "የሐሙሱ ነገር ከባድ ነው?"

"ከባድ ነው ጋሼ።"

ከዛ ቢሮ ከመጡት ሦስት ማሽኖች ሁለቱ ገና አልተፈቱም። አንዱን ከፈትኩ። ያው መዳብ፣ ያው ማራገቢያ፣ ነጩም ቅባት ገና እርጥብ ነው። ይዤው በቀጥታ ወደ ሚዛኑ ሄድኩ። በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም፣ ሁሌም አታልዬ ነው። የዛን ቀን ግን ለመንኩት። የእህቴን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት።

"አይወጣም" አለ።

"በኋላ እመልሰዋለሁ እኮ።"

"ላንተ ከፈትኩ ማለት ለሁሉም ከፈትኩ ማለት ነው። ደግሞ አንተ ማለት ድንጋይ በኪስህ ይዘህ የገባህ ሰውዬ ነህ።"

እውነቱን ነው።

ተመልሼ ቁጭ አልኩና መፍታት ጀመርኩ። እጄ ይፈታል፣ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አልተነሳሁም፣ ለመነሳትም ጉልበት አልነበረኝም። በሩን አያለሁ። መኪና ይገባል፣ ይመዘናል። መኪና ይወጣል፣ ይመዘናል። እዛ ላይ ነው የመጣልኝ። ተነሳሁ።

"አለቃ፣ መዳብ ከበር ወደ ውጭ አይወጣም አይደል?"

"ስንቴ ልንገርህ?"

"ወደ ውስጥስ መሳቢያ ይገባል?"

"የምን መሳቢያ?"

"የእናቴ።"

ሚዛኑ ብዙ ነገር ነው ግን ደደብ አይደለም። ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል፤ ግን የሱ ሕግ ላይ መሳቢያ አይግባ የሚል ነገር ፈልጎ አጣ። "መብራቱስ?" አለ።

"በመብራቱ ፈንታ ምሳ ሰዓቴን እሠራለሁ። ሦስቱንም ቀን።"

አገጩን አከከ። "ሲገባ የመዘነውን ሲወጣ ይመዝናል" አለ። "ግራም ከጨመረ እናንተንም ከማሽኑ ጋር እፈታችኋለሁ።"

ማክሰኞ ጠዋት እህቴ በጋሪ መጣች። መሳቢያው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ደብተሯ። ሚዛኑ መሳቢያውን መዝኖ ቁጥሩን በኖራ ግድግዳው ላይ ጻፈ። እሷንም መዘናት። "ተማሪ ምን ይመዝናል" ብሎ የሷን ሳይጽፍ ተወው።

መፍቻ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ቦታ ሰጠኋት። መዳቡን ራሴ አስቀመጥኩት። አራት ብሎን በመስቀለኛ፣ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ ጋሼ መዶሻ ከጀርባዬ ሆኖ "ቀስ፣ የመኪና ጎማ አይደለም የምታጠብቀው" እያለኝ። አነካካሁት። በራ። ሃምሳ ቆጠርኩ፣ መቶ ቆጠርኩ። ከመቶ በላይ መቁጠር ደክሞኝ ተውኩት። አልጠፋም።

አንድ ሥዕል ሁለት ሰዓት ይወስድበታል። ላፕቶፑ ቀን ሙሉ የሚያቃስትበትን። እህቴ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ትለኩሳለች። አቧራው ፀጉሯ ላይ አርፎ ፀጉሯ ሸበተ። እኔ ከጎኗ እፈታለሁ፣ ምሳ ሰዓትም እፈታለሁ። ማታ አሥራ ሁለት ሲል ሚዛኑ ዋናውን መብራት ያጠፋል፣ ስለዚህ ማሽኑ ግቢ ያድራል፣ እኛ በእግራችን ወደ ቤት። መንገድ ላይ አንዴ "ኢንጂነሯ" አልኳት። "እ" አለች፣ አላረመችኝም።

ማክሰኞ አራት ሥዕል ወጣ። ረቡዕ ሦስተኛው ላይ እያለን ጋሼ መዶሻ አንድ ትልቅ መዳብ ሲመታ ጠረጴዛው ነጠረ፣ አንዱ ራም ተነቀነቀ፣ ስክሪኑ ጨለመ። የሁለት ሰዓት ሥራ ገደል ገባ። ሽማግሌው መዶሻውን አየው፣ ከዛ የእንጨት ጉማጁንና ማዳበሪያውን እየጎተተ ወደ ግቢው ጥግ ሄደ፣ ጥላ የሌለበት ቦታ። ሁለቱን ቀን እዛ ፀሐይ ላይ ነው የቀጠቀጠው። ውሃ ስወስድለት "ሂድ ሥራህን ሥራ፣ ለቆዳዬ ጥሩ ነው" አለኝ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሥዕል አልቋል። አሥራ ሁለተኛው ጀምሯል፤ መጠበቂያው ቦታ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ወረፋ የሚጠብቅበት። ትምህርት ቤቱ ድረስ በታክሲ አርባ ደቂቃ ነው፣ ታክሲ ከተገኘ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። አሥር ሆነ። ሥዕሉ ገና ነው፤ ወንበሮቹ ይታያሉ ግን ሁሉም ነገር ላይ እንደ አሸዋ ነጠብጣብ አለ።

"ልተወው?" አለች።

"በአሥራ አንዱ ሥዕል ብቻ አይቀበሉም?"

"አሥራ ሁለት ሥዕል ነው የሚሉት።"

"አምስት ደቂቃ ጠብቂ።"

አምስት ደቂቃ ጠበቀች። አሸዋው ትንሽ ሳሳ። አስቆመችውና እንደዛው ወደ ፍላሽ ገለበጠችው። "ጭጋግ ያለበት ጠዋት ነው እላቸዋለሁ" አለች።

"ቤት ውስጥ ጭጋግ?"

"መስኮቱ ክፍት ነበር እላለሁ።"

በሩ ላይ ሚዛኑ አስቆማት። "እጅሽ ላይ ያለው ምንድነው?"

"ፍላሽ ነው።"

"አስቀምጪው።"

አስቀመጠችው። ቀስቷ አልተንቀሳቀሰችም። ሚዛኑ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ እሷን አየ። "ሂጂ፣ ይረፍድብሻል" አለ። አቧራዋን ሳታራግፍ ሮጠች።

እኔ ጠረጴዛዬ ጋ ተመለስኩ። ለመቀመጥ አስቤ ነበር፣ ግን ከተቀመጥኩ የምነሳ አልመሰለኝም። የዕለቱን ድርሻ ለመጨረስ አሥራ አንድ ማሽን ይቀረኝ ነበር። ሁለቱን ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ተቀበሉኝ" አለች። እያለከለከች ነው። "ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩ።"

"ጭጋጉስ?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

"እሺ" አልኩ። እሷም "ወንድሜ፣ ልተኛ ነው፣ ታክሲ ውስጥ" አለች።

ሚዛኑ ከወዲያ "መሳቢያው ከመውጣቱ በፊት መዳቡን" አለ። አውቃለሁ። ማሽኑን አጠፋሁና አራቱን ብሎን ፈታሁ፣ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ። መዳቡ እጄን አቃጠለኝ፣ ከሸሚዜ ጫፍ ጋር ያዝኩት። ጋሼ መዶሻ ጉማጁን እየጎተተ ከፀሐዩ ተመልሷል፤ ፊቱ ተልጧል። እጁን ዘረጋልኝ።

"አምጣው እንግዲህ።"

"ይቀዝቀዝ" አልኩት።

ጉማጁ ላይ አስቀመጥኩት። እሱም ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅነው።